የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስም ያላወጣ አርቢ የውድድር ጥጆቹን ለማን፣ መቼና በስንት ይሽጥ?

በአሜሪካ ከብት ማርባት ከጀመሩ ወገኖቻችን የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ መልስ ሰጥተንባቸዋል። ጉዳዩም ልጆችና ወጣቶች በከብት ትርኢት ላይ ለውድድር የሚያቀርቧቸውን ጥጆች አርብቶ መሸጥ ነው። ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ከዳላስ ከተማ በስተምሥራቅ ከባለቤቴ ጋር መሬት ገዝተን ከብት ማርባት ጀምረናል። አባቴ በሐረርጌ ሰንጋ እያደለቡ የሚሸጡ ገበሬ ስለ ነበሩ ከብት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ጥቁርና ቦቃ ላሞቻችንን በውድድር ጥጆች ከሚታወቁ ኮርማዎች በተወሰደ ዘር አስዳቅለን በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወልደውልናል። ጎረቤታችን መጥተው ካዩዋቸው በኋላ፣ «እነዚህ ለልጆች ውድድር የሚሆኑ ናቸውና ወደ ተራው ገበያ አትውሰዷቸው» አሉን። ሆኖም በዚህ ሥራ የሚያውቀን ሰው የለም። ለማን እንሽጥ? ዋጋቸውን እንዴት እንተምን? በኢንተርኔት ጨረታ ብናወጣቸው ይሻላል? ከአነጋገራችን መጤ መሆናችን ስለሚታወቅ ሰው ያምነን ይሆን የሚለውም ያሳስበናል።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ጎረቤታችሁ የሰጧችሁ ምክር መልካም ነው፤ ነገር ግን «እነዚህ» ያሉት ሁሉንም ጥጆች ከሆነ በዚህ አልስማማም። በዘር ሐረጋቸው የተመረጡ ከብቶች እንኳ በአንድ ዓመት ከወለዷቸው ጥጆች ውስጥ ለውድድር የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። አዲስ አርቢ ስሙን ገና ከጅምሩ የሚያበላሸው ለውድድር የማይሆነውን ጥጃ በውድድር ጥጃ ስም ለአንድ ቤተሰብ ሲሸጥ ነው። ያ ቤተሰብ ጥጃውን ወደ ትርኢቱ ሜዳ ይዞት ይወጣል፤ የወረዳው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ «ከማን ገዛችሁት?» ተብሎ ይጠየቃል። ያልበቃውን ጥጃ ያለ ሐፍረት በተራው የሥጋ ከብት ገበያ መሸጥ የሥራው አንድ ክፍል ነው።

ገዢው ማን እንደ ሆነ በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። የውድድር ጥጃ የሚፈልጉት በአብዛኛው በሁለት የወጣቶች ድርጅቶች ውስጥ የታቀፉ ልጆች ናቸው፦ በ1902 በኦሃዮ በተጀመረው ፎር-ኤች እና በ1928 በካንሳስ ሲቲ በተመሠረተው ኤፍ ኤፍ ኤ። ልጁ ጥጃውን በስሙ ይገዛል፤ ይመግበዋል፤ ያጥበዋል፤ በገመድ እየመራ ዳኛ ፊት ያቀርበዋል። ገንዘቡን የሚከፍሉት ወላጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ጥጃውን በመምረጥ በኩል ትልቁ ድምፅ ብዙ ጊዜ የሦስተኛ ሰው ነው፤ ይኸውም የወረዳው የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግብርና የሚያስተምረው መምህር ነው። በየዓመቱ ከልጆቹ ጋር ከአንዱ አርቢ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ጥጃ የሚያይ እሱ ነው። በእናንተ ግዛት የኤክስቴንሽኑ አገልግሎት የሚሰጠው በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው አግሪላይፍ ሲሆን በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስታወቂያችሁ ወደዚህ ቢሮ ሄዶ ራስን ማስተዋወቅ፣ የልጆቹን ስብሰባ ቀን መጠየቅና «ጥጆቻችንን መጥታችሁ ብታዩልን ደስ ይለናል» ማለት ነው። ለመሸጥ ሳይሆን ለማየት የተጋበዘ ባለሙያ ደግሞ የትኛው ጥጃ እንደሚሆንና የትኛው እንደማይሆን በነፃ ይነግራችኋል።

የቴክሳስ የጊዜ ሰሌዳ ከሌሎቹ ግዛቶች የተለየ ስለ ሆነ በሚገባ ልብ ልትሉት ይገባል። በመካከለኛው ምዕራብ ያሉት ግዛቶች ውድድራቸው በጁላይና በኦገስት ስለሚውል የሚፈልጉት ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል የተወለዱትን ነው፤ ግዢውም በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይጧጧፋል። በቴክሳስ ግን ትላልቆቹ የሰንጋ ውድድሮች የሚካሄዱት ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው፤ የፎርት ወርዙ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ፣ የሳን አንቶኒዮው በፌብሩዋሪ፣ የሂውስተኑ ደግሞ በማርች። በሴፕቴምበር የተወለደ ጥጃ በሁለተኛው ዓመት ማርች አሥራ ስምንት ወር ይሞላዋል፤ ይህም 1,250 ወይም 1,300 ፓውንድ መዝኖ በሚገባ ለሚሰባበት ዕድሜ ተስማሚ ነው። ላሞቻችሁ የወለዱበት ወር ለቴክሳስ ልክ ነው ማለት ነው። በትላልቆቹ ውድድሮች የሚካፈል ሰንጋ እስከ ጁን መጨረሻ ድረስ በልጁ ስም መመዝገብና የጆሮ መለያ ቁጥር ማግኘት ያለበት ሲሆን፣ ለዲ ኤን ኤ ማነፃፀሪያ የሚሆን ፀጉርም ይወሰድለታል። ከዚያ ቀን በኋላ ያንኑ ወይፈን ለትላልቆቹ ውድድሮች መግዛት የሚችል ልጅ አይኖርም። ስለዚህ የሽያጭ ጊዜያችሁ ጥጆቹ ጡት ከጣሉበት ከኤፕሪል እስከ ጁን አጋማሽ ያለው ነው። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ጥጆቹ ተላምደው፣ ፎቶ ተነሥተውና ዋጋ ወጥቶላቸው መገኘት አለባቸው።

ሁለተኛው የቴክሳስ ልዩ ነገር ፀጉርን ይመለከታል። በሌሎች ግዛቶች ረጅምና ወፍራም ፀጉር ያለው ጥጃ ይወደዳል፤ ፀጉሩ እየተበጠረና እየተከረከመ እግሩን ወፍራም፣ ጀርባውን ቀጥ ያለ አስመስሎ ለማሳየት ይረዳል። በቴክሳስ ትላልቅ ውድድሮች ግን ሰንጋው ፀጉሩ ከሩብ ኢንች እንዳይበልጥ ተላጭቶ ስለሚቀርብ የሚታየው ሥጋውና አጥንቱ ነው። እንግዲህ እናንተም ጥጃ ስትመርጡ በእጃችሁ ፀጉሩን ጨፍልቃችሁ፣ ታፋው በእርግጥ የሞላ መሆኑን፣ ጀርባው ከትከሻው እስከ ዳሌው ሳይጎብጥና ሳይሰረጉድ የሚሄድ መሆኑን፣ ጎድኑ መለጠጡን ዳስሳችሁ እዩ። ከዚያ ያለ ገመድ ለቅቃችሁ ከኋላው ቁሙ። የኋላ እግሩ ቋንጃ በጣም ቀጥ ያለ ጥጃ ክብደቱ ሲጨምር እርምጃው ያጥራል፤ ወሩ ገፍቶ 1,000 ፓውንድ ሲያልፍ ማነከስ ይጀምር ይሆናል። ሰኮናው ሰፊና እኩል የሆነ፣ ሲራመድ የኋላ እግሩን የፊት እግሩ በነበረበት ቦታ ላይ የሚያሳርፍ ጥጃ ግን እስከ ውድድሩ ቀን ይዘልቃል። በእኔ እምነት ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ሥጋ በመኖ ይጨመራል፤ እግር ግን በመኖ አይስተካከልም።

የዘር ምድብም ዋጋ ይለውጣል። በቴክሳስ ትላልቅ ውድድሮች ሰንጎች እንደ አንገስ፣ ሄርፎርድ፣ ሾርትሆርን፣ ሲመንታል፣ ሻሮሌና ብራህማን ባሉ ዘሮች ተከፋፍለው ስለሚወዳደሩ፣ የትኛው ሰንጋ በየትኛው ምድብ እንደሚገባ የሚወስኑ ባለሙያዎች መልኩንና አቋሙን አይተው ይመድቡታል። ብዙ ልጆች በሚወዳደሩበት የልዩ ልዩ ቅልቅል ምድብ ውስጥ መካከለኛ የሚሆን ጥጃ፣ መልኩ ለአንዱ ዘር የሚያበቃው ከሆነ በዚያ ምድብ ብልጫ ሊኖረው ይችላል። ከእናንተ ጥጆች መካከል አንዱ በአንድ የዘር ምድብ ሊገባ ይችል እንደ ሆነ የኤክስቴንሽን ባለሙያውን ጠይቁ፤ እርግጠኛ ሳትሆኑ ግን ለገዢው «በዚህ ምድብ ይገባል» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

አሁን ወደ ማላመዱ እንምጣ፤ አዲስ አርቢ ከታወቀው አርቢ ሊበልጥ የሚችልበት ዋናው ነገር ይህ ነውና ሰፋ አድርጌ ልጽፈው እወዳለሁ። ብዙ ጥጃ ያለው አርቢ ለእያንዳንዱ ጥጃ በቂ ጊዜ አይኖረውም። እናንተ ግን ያሏችሁ ጥጆች ጥቂት ናቸው። ጥጃው ጡት ከጣለና ከተረጋጋ በኋላ የራስ ገመድ አጥልቃችሁ ለጥቂት ቀናት ገመዱን እየጎተተ በበረቱ ውስጥ ይንቀሳቀስ፤ ገመዱን በገዛ እግሩ እየረገጠ ለስበቱ እሺ ማለትን ይማራል። ቀጥሎ በጠንካራ አጥር ላይ፣ ገመዱ ከዓይኑ ከፍታ ሳይወርድና ሳይረዝም፣ በአንድ ስበት በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩት፤ መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ሁልጊዜም ሰው አጠገቡ ሳይለይ። ጥጃ ብቻውን ታስሮ ተንጠልጥሎ መታነቁ የታወቀ አደጋ ነው። ታስሮ ሲረጋጋ በብሩሽ ጀርባውን፣ ከዚያ ሆዱን፣ በመጨረሻም እግሮቹን አሻሹት። ሲፈታ ወደ ውኃው ምሩት፤ ውኃውን የሚያገኘው ሰው ሲመራው መሆኑን ሲያውቅ መከተልን በፍጥነት ይለምዳል። አባትዎ በሐረርጌ ሰንጋውን እያንዳንዱን ለብቻው አስረው በእጃቸው ሲያበሉት፣ ሲያሻሹትና ጠባዩን ሲያጠኑ እያዩ እንዳደጉ አስባለሁ፤ የውድድር ጥጃ አያያዝ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ዓይንዎም እጅዎም የሠለጠነ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደር የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ያላቸው ወላጆች ከጥጃው ታፋ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ልጃቸው እንዳይጎዳ ነው። ወደ ግቢያችሁ ሲመጡ ጥጃውን ለልጁ አስይዛችሁ አሥር እርምጃ ያህል ሲመራው ካዩ፣ ምንም ዓይነት ማስታወቂያ የማይሠራውን ይሠራላችኋል።

ጤናውንና አካሉን በሚመለከት ደግሞ ከሽያጩ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች አሉ። ወንዶቹ በሙሉ ተኮላሽተው ቁስላቸው የዳነ መሆን አለበት፤ አንዱ ፍሬ በሆድ ዕቃ ውስጥ የቀረበት ወይፈን በውድድር ላይ ይሰረዛልና በእጅ ተዳስሶ ይረጋገጥ። ቀንድ ያላቸው ካሉ በሕፃንነታቸው ቢነሣላቸው ሕመሙም ጠባሳውም ያንሳል። በሳንባ በሽታዎችና በአባጎርባ ላይ የሚሰጡትን ክትባቶች ከእንስሳት ሐኪማችሁ ጋር ተማክራችሁ ጡት ከመጣላቸው በፊትና በኋላ ስጡ፤ ቀኑንና የመድኃኒቱን ስም መዝግቡ። ከእያንዳንዱ ጥጃ ጆሮ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ቢ ቪ ዲ የሚባለውን ተላላፊ የከብት ተቅማጥ በሽታ ቫይረስ በቋሚነት የሚሸከም አለመሆኑ ቢመረመር ወጪው ትንሽ፣ ለገዢው የሚሰጠው መተማመን ግን ትልቅ ነው።

ፎቶን በተመለከተ፣ በዚህ ዘመን ገዢው ጥጃውን መጀመሪያ የሚያየው በስልኩ ነው። ጥጃው ከተነሣበት ፎቶ የተነሣ ብቻ ሳይታይ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ዋዜማውን እጠቡትና በሚገባ ይድረቅ። በማለዳ ወይም ወደ ማምሻው፣ ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ስትሆን፣ አጭር ሣር ባለበት ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት፤ የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቢያርፉ መልካም ነው። ካሜራው በጎድኑ አጋማሽ ከፍታ ይሁን፤ ቆማችሁ ወደ ታች ካነሣችሁት እግሩ አጭር፣ ጀርባው ሰፊ መስሎ ይወጣል። አራቱም እግሮችና ሰኮናዎች መታየት አለባቸው። እግሩን በገለባ ወይም በረጅም ሣር የሸፈነ ፎቶ ልምድ ያለውን ገዢ ያስጠረጥረዋል። ከፎቶው ጋር ጥጃው በጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲራመድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አያይዙ፤ በሥሩም የተወለደበትን ቀን፣ የአባቱንና የእናቱን ዘር፣ የቅርብ ጊዜ ክብደቱን፣ ክትባቱን፣ ዋጋውንና ስልካችሁን ጻፉ። ምስሉን በኮምፒዩተር ማስተካከል ግን ፈጽሞ አይገባም። ሰውየው ሦስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ሌላ ጥጃ ካየ፣ የሚመለሰው ጥጃ ሳይገዛ ብቻ አይደለም፤ ለሚያውቀው ሁሉ ሊነግር ነው።

ዋጋን ለመተመን ከተራው ገበያ ተነሡ። የአሜሪካ የከብት ብዛት በጃንዋሪ 2025 ወደ 86.7 ሚሊዮን ወርዶ ከ1951 ወዲህ ዝቅተኛው ሆኗል፤ በዚህም የተነሣ የሥጋ ጥጃ ዋጋ እጅግ ንሮ በ2025 እስከ 600 ፓውንድ የሚመዝኑ ጥሩ ወይፈኖች በፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ተሽጠዋል። በ3 ዶላር ብቻ ብናሰላ እንኳ 600 ፓውንድ የሚመዝነው ጥጃ ማንም ሳያላምደው 1,800 ዶላር ያወጣል ማለት ነው። ለማዳቀያው፣ ለሐኪሙ፣ ለተጨማሪው መኖና ለማላመዱ ያወጣችሁትን በዚህ ላይ ደምሩበት፤ ከዚያ በታች መሸጥ ኪሳራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የጥጃው ብቃትና የአርቢው ስም ዋጋ ነው፤ ብቃቱ አለ እንበል፣ ስሙ ግን ገና አልመጣም። በመጀመሪያው ዓመት በአቅራቢያችሁ ያሉ የታወቁ አርቢዎች መካከለኛ ጥጆቻቸውን ከሚሸጡበት ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ብትጠይቁ አትጎዱም። በ2022 በሂውስተን አሸናፊው ሰንጋ በአንድ ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ሰምታችሁ ይሆናል። ያ ገንዘብ ልጆችን ለመርዳት በጎ አድራጊዎች በጨረታ የሚከፍሉት እንጂ የከብቱ ዋጋ አይደለም፤ ልጁም የሚወስደው የተወሰነለትን ሲሆን ትርፉ ለተማሪዎች ድጋፍ ይውላል። ከዚህ ተነሥቶ የጥጃ ዋጋ የሚተምን አርቢ ይሳሳታል።

የአሻሻጥ መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ዋጋ ቆርጦ ለመጣ ገዢ መሸጥ ነው። ሁለተኛው በአንድ ቀን ገዢዎችን በግቢ ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ጥጃ መነሻ ዋጋ በወረቀት ጽፎ ለጥፎ፣ ፈላጊ ከአንድ በላይ ከሆነ ብቻ በየተራ እየጨመሩ እንዲወስዱ ማድረግ ነው። ሦስተኛው የኢንተርኔት ጨረታ ነው። ይህ ጨረታ ከሩቅ ግዛት ገዢ ያመጣል፤ ነገር ግን ጨረታ አውጪው ኮሚሽን ይወስዳል፤ ያልታወቀ አርቢ ጥጃ ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ተዘግቶ ሊቀር ይችላል፤ የተዘጋውም ዋጋ ሁሉ ሰው አይቶታልና በሚመጣው ዓመት ይከተላችኋል። ስለዚህ በዚህ ዓመት አብዛኞቹን በቁርጥ ዋጋ በአቅራቢያችሁ ላሉ ቤተሰቦች እንድትሸጡ፣ እጅግ የተሻለውን አንዱን ደግሞ የታወቀ አርቢ በሚያዘጋጀው ሽያጭ ውስጥ በእንግድነት እንዲያስገባላችሁ እንድትጠይቁ እመክራለሁ። ብዙ አርቢዎች ሽያጫቸውን ለማድመቅ የሌላ ሰው ጥሩ ጥጃ መጨመርን አይጠሉም፤ የእናንተም ስም ከታወቀ ስም አጠገብ ይታተማል።

ሽያጩ ገንዘብ በተቀበላችሁበት ቀን የሚያልቅ አይምሰላችሁ። ጥጃው ሲበላ የነበረውን መኖ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ያህል ጨምራችሁ ስጡ፤ መኖው በድንገት ሲለወጥ ሆዱ ይታመማልና። በየወሩ ደውላችሁ ክብደቱን ጠይቁ። የወረዳው ውድድር ቀን ተገኙ፤ ልጁ ሁለተኛም ይውጣ ሰባተኛ፣ አጥሩ አጠገብ ቆማችሁ ጨብጡት። ብዙ አርቢዎች ከእነሱ ጥጃ ገዝቶ በወረዳ ላሸነፈ ልጅ ትንሽ የገንዘብ ሽልማት ይሰጣሉ፤ ይህን ማድረግ የምትችሉ ከሆነ መጠኑን ከሽያጩ በፊት በጽሑፍ አስታውቁ። ስለ አነጋገራችሁ ያነሣችሁትን ስጋት እረዳዋለሁ፤ ቀላል ነገርም አይደለም። ሆኖም በከብት ሰው ዘንድ ጥጃውን በስሙና በጠባዩ የሚያውቅ፣ ጉድለቱንም ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ ይከበራል። «የዚህ ጥጃ ፊት እግሩ ትንሽ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ዋጋውን ያወረድነው ለዚህ ነው» የሚለው ቃል በየትኛውም ቅላጼ ቢነገር ይታመናል።

ጥያቄ፦ ከአዮዋ ነው የምጽፈው። ከአንዲት ሾርትሆርን ቅልቅል ላሜ የተወለደች ያማረች ጊደር አለችኝ። እናቲቱን ሳስመረምራት ቲ ኤች የሚባለው የዘር ጉድለት ተሸካሚ ናት ተባልኩ። ጊደሯ ግን ሙሉ ጤነኛ ናት። አንዲት እናት ለልጃቸው ሊገዟት ይፈልጋሉ። መናገር ይገባኛል? ዋጋዋስ ይወድቃል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መናገር ይገባዎታል፤ ከመናገርዎ በፊት ግን ጊደሯን ራሷን ያስመርምሯት። ይህ ጉድለት በወላጅ በሁለቱም በኩል ሲወረስ ብቻ የሚገለጥ ነው። አባቷ ነፃ ከሆነ ጊደሯ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ከጅራቷ ጫፍ ከነሥሩ በተነቀለ ፀጉር በቤተ ሙከራ ይታወቃል፤ ወጪውም ከጊደሯ ዋጋ አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነፃ ሆና ከተገኘች ወረቀቱን ከማስታወቂያው ጋር ያያይዙት፤ ዋጋዋ ከፍ ይላል እንጂ አይወድቅም።

ተሸካሚ ሆና ከተገኘች ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ ራሷ አትታመምም፤ በውድድርም ላይ የሚያግዳት ነገር የለም። ነገር ግን ጊደር እንደ ሰንጋ ውድድሩ ሲያልቅ አትታረድም፤ ልጅቷ ታስረግዛታለች፤ የመጀመሪያ ላሟም ትሆናለች። ልጅቷ ሳታውቅ ከሌላ ተሸካሚ ኮርማ ጋር ካዳቀለቻት ከአራት ጥጆች አንዱ የኋላ እግሩ የተጣመመና መገጣጠሚያው የተጣበቀ፣ ሆዱ ያልተዘጋ ሆኖ ይወለዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ እንዲህ ያለ ጥጃ አይድንም። ፒ ኤች ኤ የሚባለው ሌላው ጉድለት ደግሞ ጥጃውን በፈሳሽ አሳብጦ ስለሚያሳድገው ላሟን ጭምር በምጥ ለሞት ያደርሳል። የልጅቱ የመጀመሪያ የማርባት ልምድ ይህ እንዲሆን እርስዎም አይፈቅዱም። ለውድድር ጥጆች የሚያገለግሉ ብዙ ታዋቂ ኮርማዎች የእነዚህ ጉድለቶች ተሸካሚ መሆናቸው በካታሎግ ላይ በግልጽ ተጽፎ ይሸጣል፤ ገዢዎችም ይህን የለመዱት ጉዳይ ነው። የሚያስቆጣቸው ተሸካሚነቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። ለእናትየዋ ውጤቱን በጽሑፍ ይስጧቸው፤ «ይህችን ጊደር ሁልጊዜ ከተመረመረና ነፃ ከሆነ ኮርማ ጋር ብቻ አዳቅሏት» ብለው ይንገሯቸው፤ እንዲህ ከተደረገ ጉድለቱ የሚታይበት ጥጃ አይወለድም። ዋጋውን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ተገቢ ነው። እርስዎም የእናቲቱን ቀጣይ ወንድ ጥጆች አኮላሽተው ለሰንጋ ውድድር ይሽጡ፤ የማይወልድ ከብት ተሸካሚ ቢሆን ማንንም አይጎዳም።

ጥያቄ፦ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ። አንድ ወይፈናችንን ነብራስካ የሚኖር ቤተሰብ በስልክ ተስማምቶ ገዛን። ከነገ ወዲያ ሊወስዱት ይመጣሉ። ምን ዓይነት ወረቀት ማዘጋጀት አለብን? በሳንባ ምች ታሞ መድኃኒት ወስዶ ነበር፤ ይህስ ይነገራል?

መልስ፦ ከነገ ወዲያ ያላችሁት ቀን አጭር ስለ ሆነ ዛሬውኑ ወደ እንስሳት ሐኪማችሁ ደውሉ። ከብት ከግዛት ወደ ግዛት ሲሻገር ሐኪም መርምሮ የሚሰጠው የጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ተቀባዩ ግዛት ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቅ እንደ ሆነም ሐኪሙ ያጣራል። ከኖቬምበር 5, 2024 ጀምሮ ደግሞ ለትርኢት የሚውል ከብት፣ ዕድሜው ምንም ያህል ይሁን፣ ግዛት ሲሻገር በዓይንም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያም የሚነበብ ሕጋዊ የጆሮ መለያ እንዲኖረው በፌዴራል ደንብ ተደንግጓል። በእናንተ ጥጃ ጆሮ ላይ ያለው የድሮው የብረት ወይም ተራ የላስቲክ መለያ ከሆነ አይበቃም። ኮሎራዶ ከብት ሲሸጥ የባለቤትነት ማረጋገጫ የሆነውን በቆዳ ላይ የሚተኮስ ምልክት ምርመራ የምትጠይቅ ግዛት ስለ ሆነች የወረዳችሁን መርማሪም በዚያው ዕለት ቀጠሮ ያዙት፤ ጥጃው ምልክት ያልተተኮሰበት ቢሆንም ምርመራው አይቀርም። የሽያጭ ደረሰኙ ላይ የገዢውን ልጅ ስም በትክክል ጻፉ፤ በውድድር ምዝገባ ላይ ባለቤት ሆኖ መገኘት ያለበት ልጁ ነውና።

ስለ ሕመሙ፣ አዎን፣ ይነገራል። በትላልቅ ውድድሮች ላይ ያሸነፉ ሰንጎች ለመድኃኒት ቅሪት ይመረመራሉ፤ የተገኘበትም ይሰረዛል። የእናንተ ጥጃ እስከ ውድድሩ ወራት ስለሚቀሩት መድኃኒቱ ከሰውነቱ መውጣቱ አያጠራጥርም። ቢሆንም ሳንባው ዳግመኛ ቢያመው የሚያክመው ሐኪም ቀድሞ ምን እንደ ተሰጠው ማወቅ አለበት። ከጁን 2023 ወዲህ ለሰውም የሚያገለግሉት አንቲባዮቲኮች ለከብት የሚሸጡት በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ስለ ሆነ የሐኪማችሁ መዝገብ በእጃችሁ ይኖራል፤ ከእሱ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ የተሰጠበትን ቀንና ከመታረዱ በፊት ሊቆይ የሚገባውን የቀን ብዛት በአንድ ገጽ ገልብጣችሁ ከደረሰኙ ጋር ስጧቸው። ገዢዎቹ ይህን ሰምተው ሐሳባቸውን ከቀየሩ የተቀበላችሁትን ቀብድ ሙሉ በሙሉ መልሱላቸው፤ ጥጃው ክብደት እየጨመረ ከሆነና ሳያስል የሚራመድ ከሆነ ግን ቪዲዮውን አንሥታችሁ ዛሬ ማታ ላኩላቸው፤ ከመምጣታቸው በፊት ይወስኑ።